የመጋዘን ጣሪያ መስኮቶች ለምን ያፈሳሉ? ምርመራው ከክረምት በፊት ነው

በአዲስ አበባ ደቡባዊ መውጫ በሚገኘው የአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ፣ ወደ ቢሾፍቱ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ የሚታዩት ግንባታዎች በአብዛኛው ፋብሪካዎች፣ መጋዘኖችና የማምረቻ ሼዶች ናቸው። ከጅቡቲ የተነሳው የባቡር ሐዲድ በ1909 ዓ.ም አዲስ አበባ ሲደርስ በዚሁ በኩል በማለፉ፣ አካባቢው በተከታዮቹ አሥርት ዓመታት የጨርቃ ጨርቅ፣ የብረታ ብረትና የምግብ ኢንዱስትሪዎች መንደር ለመሆን በቅቷል። ከመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና የልማት ድርጅቶች ንብረት ከፊሉ የሚቀመጠውም በዚሁ አካባቢ ባሉ መጋዘኖች ነው።

እነዚህ ግንባታዎች ሰፊና ረጃጅም በመሆናቸው በግድግዳ ላይ ከሚገኙ መስኮቶች የሚገባው ብርሃን ወደ መሐል አይደርስም። ስለሆነም ብርሃኑ ከጣሪያ እንዲገባ ይደረጋል። በቆርቆሮው መካከል በየተወሰነ ርቀት ብርሃን አስገቢ የፋይበር ግላስ ወይም የፖሊካርቦኔት ቆርቆሮ ይገባል፤ ወይም ጣሪያው ተቆርጦ ፍሬም ያለው መስኮት ይተከላል። በሥራው ልማድ ከጣሪያው ስፋት ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው ለብርሃን ከተተወ መብራት ሳይበራ ቀኑን ሙሉ መሥራት ይቻላል።

ይሁን እንጂ ክረምት በገባ ቁጥር ቅድሚያ ቅሬታ የሚነሳባቸው እነዚሁ የጣሪያ መስኮቶች ናቸው። ዝናቡ ሲበረታ ባልዲ ይቀመጣል፤ ሸራ ይዘረጋል፤ ዕቃው ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ይጋዛል። ክረምቱ ሲወጣ ጉዳዩ ይረሳና በዓመቱ እንደገና ይነሳል። አንዳንድ መሥሪያ ቤቶች ደግሞ ችግሩን ለመገላገል ብርሃን አስገቢውን ነቅለው በብረት ቆርቆሮ ይተኩታል። በዚህ ጊዜ ማፍሰሱ ሁልጊዜ አይቆምም፤ በቀን መብራት ማብራት ግን የግድ ይሆናል።

ማፍሰሱ የማይቆመው ውኃው በአብዛኛው የሚገባው በብርሃን አስገቢው አካል ሳይሆን በዙሪያው ባለው መጋጠሚያ በመሆኑ ነው። ቆርቆሮው ተሰንጥቆ ወይም በበረዶ ተበስቶ የሚያፈስበት ጊዜ አለ። ከዚያ ይልቅ በብዛት የሚያጋጥመው ግን አንዱ ቆርቆሮ በሌላው ላይ የተደረበበት፣ ብሎኑ የገባበት ወይም ላሜራው የታጠፈበት ቦታ ውኃ ማሳለፉ ነው። መስኮቱ ተለውጦ መጋጠሚያው እንደነበረ ከቀረ የወጣው ገንዘብ ችግሩን አይፈታም።

በመጋጠሚያው ላይ የሚያልፈውን የውኃ መጠን መገመት ጉዳዩን ግልጽ ያደርገዋል። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚወርድ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ሊትር ውኃ ነው። ርዝመቱ 40፣ ወርዱ 20 ሜትር የሆነ መጋዘን የ800 ካሬ ሜትር ጣሪያ ይኖረዋል። በሐምሌ ወይም በነሐሴ አንድ ከሰዓት በኋላ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል በዚህ ጣሪያ ላይ 24 ሺ ሊትር ውኃ ይወርዳል ማለት ነው። ወርዱ አንድ ሜትር በሆነ አንድ ብርሃን አስገቢ ላይ ብቻ፣ ከበላዩ እስከ ጣሪያው ጫፍ 10 ሜትር ካለ፣ 300 ሊትር ውኃ ያልፋል። ከዚህ ውስጥ አንድ በመቶው እንኳ ወደ ውስጥ ቢገባ ሦስት ሊትር ነው። ከታች ላለ የስኳር፣ የሲሚንቶ ወይም የሰነድ ክምር ይህ ቀላል መጠን አይደለም።

ጉዳቱም እንደ ዕቃው ዓይነት ይለያያል። ሲሚንቶ እርጥበት ሲያገኘው በከረጢቱ ውስጥ እንዳለ ይደርቃል። ዩሪያ ማዳበሪያ ይጋገራል። በቆሎና ለውዝ ከረጠቡ ሻጋታ ይይዛቸዋል፤ ከሻጋታዎቹም አፍላቶክሲን የተባለውን መርዝ የሚያመነጩ አሉ። በመዝገብ ቤት የተከማቸ ሰነድ አንዴ ከራሰ ገጾቹ ይጣበቃሉ፤ ቀለሙም ይፈሳል። ሲሚንቶውን በገንዘብ መተካት ይቻላል፤ የጡረታ ማኅደርን ወይም የይዞታ ሰነድን ግን በገንዘብ መተካት አይቻልም።

የጣሪያ ክዳን መሠረታዊ ሕግ በገጠር የሣር ቤት በሚከድን ሰው ዘንድ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። ከዳኙ ሥራውን የሚጀምረው ከታች፣ ከቤቱ ክፈፍ ነው፤ እያንዳንዱን የሣር ረድፍ ከበታቹ ባለው ላይ እየደረበ ወደ ጉልላቱ ይወጣል። በዚህም ምክንያት የላይኛው ውኃ ምንጊዜም በታችኛው ጀርባ ላይ ይወርዳል እንጂ ከሥሩ አይገባም። በቆርቆሮ ጣሪያም ሕጉ አይለወጥም። ብርሃን አስገቢው ቆርቆሮ በላይኛው ጫፉ ከብረት ቆርቆሮው ሥር፣ በታችኛው ጫፉ ደግሞ ከብረት ቆርቆሮው በላይ መሆን አለበት። በግንባታ ወቅት ይህ አይዘነጋም። በጥገና ወቅት ግን አንድ ያረጀ ብርሃን አስገቢ ሲለወጥ የላይኛውን ቆርቆሮ መፍታት አድካሚ ስለሚሆን አዲሱ ከላይ ተደርቦ ይመታል። ከዚያ በኋላ ከላይ የሚመጣው ውኃ በቀጥታ ወደ ሥሩ ይገባል። በላዩ የሚደረገው ማሸጊያ ምንም ያህል ቢበዛ መፍትሔው ጊዜያዊ ነው።

የመደረቢያው ርዝመትም ይወስናል። በቂ ተዳፋት ባለው ጣሪያ የላይኛው ቆርቆሮ የታችኛውን ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር መደረብ ይኖርበታል። ተዳፋቱ ባነሰ ቁጥር መደረቢያው ወደ 20 እና 30 ሴንቲ ሜትር ያድጋል፤ በመካከሉም የሚለጠጥ የማሸጊያ ቴፕ ይገባል። ሁለት ቆርቆሮዎች እጅግ ተቀራርበው ሲቀመጡ በመካከላቸው ያለው ቀጭን ክፍተት ውኃውን ወደ ላይ ይስበዋል። ጨርቅ በአንድ ጫፉ ውኃ ውስጥ ሲነከር እርጥበቱ ወደ ላይ እንደሚወጣ ሁሉ፣ በዝቅተኛ ተዳፋት ላይ ውኃው መደረቢያውን አልፎ ወደ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ነፋስ ሲታከልበት ደግሞ ይባባሳል። በጎን በኩል ያለው መደረቢያ ዝናብ ይዞ ከሚመጣው ነፋስ ተቃራኒ አቅጣጫ እንዲሆን የሚደረገው በዚሁ ምክንያት ነው።

ብዙም ትኩረት የማይሰጠው ምክንያት ሙቀት ነው። በአዲስ አበባ በኅዳርና በታኅሣሥ የሌሊቱ ቅዝቃዜ ከ10 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች ይወርዳል። በዚያው ዕለት እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ የመታው ጣሪያ ደግሞ ከ50 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ሁሉም ቁስ ሲሞቅ ይለጠጣል፤ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል፤ ነገር ግን እኩል አይደለም። የአንድ ሜትር የብረት ቆርቆሮ ለእያንዳንዱ ዲግሪ 0.012 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲለጠጥ፣ ፖሊካርቦኔት 0.065 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ማለትም ከአምስት እጥፍ በላይ ይለጠጣል። በ6 ሜትር ርዝመትና በ40 ዲግሪ የሙቀት ልዩነት ሲሰላ ብረቱ 3 ሚሊ ሜትር ያህል፣ ፖሊካርቦኔቱ ግን ከ15 ሚሊ ሜትር በላይ ይንቀሳቀሳል።

ሁለቱ ጎን ለጎን በአንድ ብሎን ተጠፍረው ሲታሰሩ የሚሆነውን መገመት አያዳግትም። የብሎኑ ቀዳዳ ከብሎኑ ውፍረት ጋር እኩል ከሆነ ፖሊካርቦኔቱ የሚሄድበት ስለማይኖረው በቀዳዳው ዙሪያ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ቀዳዳው ከብሎኑ በጥቂት ሚሊ ሜትር ሰፋ ብሎ በመሰርሰሪያ መበሳት፣ በላዩም ሰፊ የጎማ ዋሸር መግባት ይኖርበታል። ብርሃን አስገቢን እንደ ብረት ቆርቆሮ በምስማርና በመዶሻ መብሳት ስንጥቁን ከመጀመሪያው ቀን ማስገባት ነው።

ዋሸሩም ቢሆን የራሱ ችግር አለበት። ብሎኑ ከላላ ውኃ ያሳልፋል። ከመጠን በላይ ከጠበቀ ደግሞ ጎማው ወደ ውጭ ይጨፈለቅና በጥቂት ዓመታት ውስጥ በፀሐይ ይሰነጣጠቃል። በትክክል የገባ ብሎን ጎማው በብረቱ ዋሸር ልክ ተጭኖ፣ ሳይጨፈለቅ ይታያል። በተለመደው ሞገደኛ ቆርቆሮ ምስማሩ ወይም ብሎኑ የሚገባው በጉብታው ላይ መሆኑም መዘንጋት የለበትም፤ በስርጓዳው የገባ ምስማር ሙሉ ውኃ የሚወርድበት ቦይ መሐል የተተከለ ነው።

የፀሐይ ጨረር ሌላው ምክንያት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2 ሺ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በመሆኗ የአልትራ ቫዮሌት ጨረር ከቆላው ይልቅ ይበረታል። ፋይበር ግላስ ከዓመታት በኋላ ላዩ ያለው ሙጫ እየተበላ የመስታወቱ ክሮች ይገለጣሉ። በእጅ ሲዳሰስ ይሻክራል፤ ቀለሙ ወደ ቢጫ ይለወጣል፤ በክሮቹ መካከል አቧራና እርጥበት ይይዛል። ፖሊካርቦኔት ይህን የሚቋቋመው በአንድ ፊቱ በኩል በተቀባው መከላከያ ነው። የትኛው ፊት ወደ ውጭ መዞር እንዳለበት ቆርቆሮው በተሸፈነበት ስስ ፕላስቲክ ላይ ተጽፎ ይመጣል። ሠራተኛው ፕላስቲኩን መሬት ላይ አስቀድሞ ከላጠው ምልክቱ አብሮ ይጠፋል፤ ተገልብጦ የተመታ ቆርቆሮም ያለ ዕድሜው ይጠቁራል፣ ይሰባበራልም። የዚህ ቁጥጥር ምንም ወጪ የለውም። ዕቃ ተረካቢው ባለሙያ ፕላስቲኩ ቆርቆሮው ጣሪያ ላይ ከወጣ በኋላ እንዲላጥ ማዘዙ ይበቃል።

ከላይ የተጠቀሱት ከጣሪያው ጋር አንድ ደረጃ ላይ የሚተኙትን የሚመለከቱ ናቸው። ከጣሪያው ከፍ ብሎ ፍሬም ያለው መስኮት ሲተከል ዋናው ደካማ ቦታ የላይኛው ጎኑ ነው። ከጣሪያው ጫፍ የሚወርደው ውኃ ከፍሬሙ ጋር ሲጋጭ ይቆማል፤ እንደ ትንሽ ግድብም ይጠራቀማል። የፋብሪካ ጭስ ጥላሸት፣ የመንገድ አቧራና ቅጠል በዚያው ተከማችተው ጭቃ ይሆናሉ። ጭቃው እርጥበት ይዞ ስለሚቆይ ላሜራውን ዝገት ይበላዋል። ስለዚህ በላይኛው ጎን ውኃውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚከፍል ተዳፋት ያለው ላሜራ መሠራት አለበት። ይህ ላሜራ ከበላዩ ባለው ቆርቆሮ ሥር ይገባል፤ በታችኛው ጎን ያለው ላሜራ ደግሞ ከቆርቆሮው በላይ ይወጣል። የሣር ከዳኙ ሕግ እዚህም ይሠራል።

በአንዳንድ የቆዩ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች በሚታየው የመጋዝ ጥርስ ቅርጽ ባለው ጣሪያ ደግሞ መስኮቱ ቆሞ የተተከለ በመሆኑ ራሱ እምብዛም አያፈስም። ችግሩ በሁለት ጥርሶች መካከል ያለው አሸንዳ ነው፤ ከተደፈነ ውኃው ሞልቶ በመስኮቱ ግርጌ ይገባል። አሸንዳውን በግንቦት መጥረግ ከማናቸውም ማሸጊያ ይበልጣል።

ጣሪያ አፈሰሰ ሲባል ቅድሚያ የሚታሰበው ሬንጅ ነው። ሬንጅ ርካሽ ነው፤ በየትኛውም ሰው እጅ ይቀባል፤ ለአንድ ክረምትም ሊይዝ ይችላል። ይሁንና ጥቁር በመሆኑ ሙቀት ይስባል፤ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፤ ከሥሩ ውኃ ሲገባ መውጫ ያሳጣዋል። በውስጡ ያለው ማሟሟያ ፖሊካርቦኔትን ሊያሰነጣጥቀውም ይችላል። ከሁሉም በላይ ግን ቀጣዩ ባለሙያ መጋጠሚያውን ማየት እንዳይችል ያደርገዋል። በየዓመቱ የተደራረበ ሬንጅ ያለበት ጣሪያ ላይ ማፍሰሻውን መፈለግ ከመጀመሪያው ጥገና ይልቅ ይከብዳል።

ሲሊኮንም ዓይነት አለው። ሲወጣ አቼቶ አቼቶ የሚሸተው በሚደርቅበት ጊዜ አሲድ ስለሚለቅ ዚንክ የተቀባን ቆርቆሮ ያዝገዋል፤ ለጣሪያ የሚመረጠው ይህ ሽታ የሌለው ነው። በግዥ ሰነድ ላይ «ሲሊኮን» ተብሎ ብቻ ሲጻፍ የሚቀርበው ብዙውን ጊዜ ዋጋው ዝቅ ያለው ስለሆነ፣ የዕቃው ዝርዝር መግለጫ ዓይነቱን ለይቶ ቢያስቀምጥ ይመረጣል።

ከጥገናው በፊት መመለስ ያለበት ሌላ ጥያቄም አለ፤ ውኃው በእርግጥ ዝናብ ነው ወይ የሚለው። በደረቁ ወራት፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ባደረ ማግስት፣ ከብርሃን አስገቢው ሥር ጠብታ ሲታይ ጣሪያው እንዳፈሰሰ ይታሰባል። ይህ ግን የመጋዘኑ እርጥብ አየር ቀዝቃዛውንና ስሱን ቆርቆሮ ሲነካ የሚፈጥረው ጤዛ ነው። ለምሳሌ የ20 ዲግሪ ሙቀትና የ70 በመቶ እርጥበት ያለው አየር 14 ዲግሪ ገደማ የሆነ ነገር ሲነካ ውኃ መቋጠር ይጀምራል። ዕቃ በሚታጠብባቸው፣ በእንፋሎት በሚሠራባቸው ወይም ያልደረቀ እህል በተከማቸባቸው ቤቶች ይህ በብዛት ያጋጥማል።

ልዩነቱን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። ጤዛ ጎህ ሲቀድ ይበረታል፤ ፀሐይ ስትወጣ ይቆማል፤ ጠብታውም በቆርቆሮው ሙሉ ገጽ ላይ ተበትኖ ይታያል። የዝናብ ውኃ ግን ከአንድ ወይም ከሁለት ነጥብ ይወርዳል፤ ቡናማ መስመርም ይተዋል። ለጤዛ መድኃኒቱ አየር ማስገቢያ መክፈት፣ እርጥብ ዕቃን ለይቶ ማስቀመጥ፣ አቅም ሲፈቅድም ባለ ሁለት ንብርብር ብርሃን አስገቢ መጠቀም ነው። ማሸግ ችግሩን ያብሰዋል፤ አየሩ ይታፈናልና።

ዝናብ መሆኑ ከተረጋገጠ ቀጣዩ ሥራ መግቢያውን ማግኘት ነው። ውኃ በገባበት ቦታ አይንጠባጠብም። በቆርቆሮው ሥር፣ በሞራሌው ወይም በብረት ተሸካሚው ላይ እየተንሸራተተ ሜትሮችን ከተጓዘ በኋላ መሄጃ ሲያጣ ይወርዳል። ኮርኒስ ባለበት ቢሮ ደግሞ ከኮርኒሱ በላይ ተጠራቅሞ በሌላ ክፍል ሊወጣ ይችላል። በመሆኑም ፍለጋው ከጠብታው ቦታ ተነስቶ ወደ ተዳፋቱ ላይኛው አቅጣጫ ይሄዳል። ጠብታው ከሁለት ግድግዳዎች ያለው ርቀት በሜትር ተለክቶ ይመዘገባል፤ ያው ልኬት ጣሪያው ላይ ይወሰዳል። ዕለቱ፣ ሰዓቱ፣ ዝናቡ ቀጥ ያለ ወይም በነፋስ የተገፋ መሆኑም አብሮ ይጻፋል። ነፋስ ባለበት ዝናብ ብቻ የሚያፈስ ከሆነ የጎን መደረቢያው ይጠረጠራል፤ ዝናቡ ከጀመረ ከብዙ ቆይታ በኋላ የሚያፈስ ከሆነ ደግሞ የተደፈነ አሸንዳ ወይም ከፍሬሙ ኋላ የተጠራቀመ ውኃ ይሆናል። ለዚህ የጠቅላላ አገልግሎት ክፍል አንድ ደብተር ይበቃዋል፤ የመጋዘን ጠባቂውም ሊሞላው ይችላል።

በበጋ ምርመራው በጎማ ቱቦ ይካሄዳል። አንድ ሰው በውስጥ፣ ሌላው በውጭ ይሆናሉ። ውኃው የሚለቀቀው ከታች ጀምሮ ነው። በመጀመሪያ ከመስኮቱ በታች ያለው መደረቢያ ብቻ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይረጥባል፤ ምንም ካልታየ አንዱ ጎን፣ ከዚያም ሌላው ጎን፣ በመጨረሻም የላይኛው ጫፍ ይከተላል። ከላይ ከተጀመረ ውኃው ሁሉንም መጋጠሚያ በአንድ ጊዜ ስለሚያረጥብ የትኛው እንዳሳለፈ አይታወቅም። ቱቦው ወደ ላይ ተቀስሮ ወደ መደረቢያው ሥር መረጨትም የለበትም፤ እንዲህ ሲደረግ ደህና ጣሪያም ያፈሳል። ችኮላ የዚህ ምርመራ ጠላት ነው፤ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ወደ ቀጣዩ የሚሸጋገር ሠራተኛ የተሳሳተ ቦታ ይጠቁማል።

እዚህ ላይ ከንብረት በላይ የሆነ ጉዳይ አለ። ብርሃን አስገቢ ቆርቆሮ የሰው ክብደት አይሸከምም። ያረጀ፣ አቧራ የለበሰ ወይም ቀለም የተቀባ ሲሆን ደግሞ ከብረት ቆርቆሮው አይለይም፤ የረገጠው ሰው በቀጥታ ወደ ሲሚንቶ ወለል ይወድቃል። በዚህ መንገድ የሚደርስ አደጋ በመላው ዓለም በጣሪያ ሠራተኞች ዘንድ የታወቀ ነው። ማንም ሰው ጣሪያ ላይ ከመውጣቱ በፊት የመስኮቶቹ ቦታ ከውስጥ ታይቶ ከውጭ ምልክት ይደረግበታል፤ ሠራተኛው የሚራመደውም ቢያንስ ሁለት ተሸካሚዎችን በሚያገናኝ ጣውላ ላይ፣ የደህንነት ቀበቶ ታጥቆ ይሆናል። በ2011 ዓ.ም የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ደህንነት የመጠበቅና የመከላከያ መሣሪያ የማቅረብ ግዴታ እንዳለበት ደንግጓል። መሥሪያ ቤቱ ጥገናውን ለተቋራጭ ሲሰጥ ይህ ወጪ በዋጋ ዝርዝሩ ውስጥ ተለይቶ እንዲታይ ቢጠይቅ፣ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ቀበቶውን በመተው እንዳልሆነ ያረጋግጣል። የቆየ ጣሪያ አስቤስቶስ ያለበት ከሆነም ያለ ባለሙያ መበሳትና መቁረጥ አይገባም።

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን በተለይ የሚመለከተው የቀን መቁጠሪያው ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ጀምሮ ሰኔ 30 ያበቃል። የአዲስ አበባ ዝናብ አብዛኛው የሚወርደው ደግሞ ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ነው። ጣሪያው በሐምሌ ሲያፈስ የጥገና ጥያቄ ይቀርባል፤ በጀቱ ይለቀቃል፤ ጨረታው ይወጣል፤ አሸናፊው ሥራውን በኅዳር ወይም በታኅሣሥ፣ ሰማዩ በደረቀበት ወቅት ያስረክባል። በዚያ ወቅት ማናቸውም ጥገና ጥሩ ይመስላል። የገንዘቡ ውጤት የሚታወቀው በቀጣዩ ሰኔ፣ የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ሲል ነው።

የጨረታውን ጊዜ ማሳጠር ለሁሉም ላይቻል ይችላል። ምርመራውን ከጥገናው መለየት ግን በማናቸውም መሥሪያ ቤት አቅም ውስጥ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ደብተሩ ይሞላል። በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት፣ የውኃው መስመር ገና ሳይጠፋ፣ መሐንዲስ ወይም ልምድ ያለው ቆርቆሮ መቺ ጣሪያውን ያያል፤ በቱቦም ያረጋግጣል። የሥራ ዝርዝሩ «የጣሪያ ጥገና» ከሚል ጥቅል ሐረግ ወጥቶ ስንት ሜትር መደረቢያ፣ ስንት ብሎን፣ ስንት ካሬ ሜትር ብርሃን አስገቢ እንደሚለወጥ ይናገራል። ጥገናው ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ካለቀ የበልግ ዝናብ በነፃ ይፈትነዋል፤ የታየውን ጉድለት ከክረምት በፊት ለማስተካከልም ጊዜ ይተርፋል።

የርክክቡ ቀን ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። በግንባታ ውሎች ከጊዜያዊ ርክክብ እስከ መጨረሻው ርክክብ ባለው ጊዜ ውስጥ የሚታዩ ጉድለቶችን ተቋራጩ በራሱ ወጪ ያስተካክላል። ለአነስተኛ ጥገና ይህ ጊዜ ሦስት ወይም ስድስት ወር ብቻ ተብሎ ሲቀመጥ፣ በታኅሣሥ የተረከበ ሥራ አንድም የክረምት ዝናብ ሳያይ ዋስትናው ያበቃል። ለጣሪያ ሥራ የሚበቃው ዋስትና ቢያንስ አንድ ሙሉ ክረምትን የሚጨምር ነው፤ የመጨረሻው ርክክብም በመስከረም ወይም በጥቅምት እንዲሆን ውሉ ላይ ማስፈር ይቻላል።

በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 3039፣ የሕንፃ ሥራ ተቋራጭ ካስረከበበት ቀን አንስቶ ለ10 ዓመታት ለሥራው በአግባቡ መከናወንና ለግንባታው ጥንካሬ ዋስ መሆኑን ይደነግጋል። ሕጉ ለመንግሥት ሥራ ውሎች የተለየ ምዕራፍ ስላለው ጉዳዩ ሲነሳ የመሥሪያ ቤቱ ሕግ አገልግሎት ሊያየው ይገባል። ሆኖም አዲስ መጋዘን ተረክቦ በሁለተኛው ዓመት ላፈሰሰ ጣሪያ ከራሱ በጀት ጥገና የሚከፍል መሥሪያ ቤት መጀመሪያ ውሉን ቢያወጣ አይከስርም። ለዚህ ደግሞ ቀን የተጻፈበት ደብተር፣ ፎቶግራፍና የቱቦ ምርመራ ቃለ ጉባኤ ያስፈልጋል፤ ሬንጅ የተቀባ ጣሪያ ስለ ራሱ አይመሰክርም።

ጣሪያው እስኪጠገን ድረስም ዕቃውን ማዳን ይቻላል። ክምሩ ከብርሃን አስገቢዎቹና ከመጋጠሚያዎቻቸው ትይዩ ወጣ ብሎ፣ በፓሌት ላይ፣ ከግድግዳው አንድ ሜትር ያህል ርቆ ይደረደራል። በመስኮቶቹ ሥር ያለው ቦታ መተላለፊያ ቢሆን ብርሃኑም የሚፈለገው በዚያው ነው። መድኃኒትና ሰነድ ከዝናቡ በተጨማሪ ከቀጥታ ፀሐይም መራቅ ስላለባቸው በዚህ አደራደር ሁለት ጊዜ ይጠበቃሉ። የመስኮቶቹ ቦታ በመጋዘኑ ወለል ላይ በቀለም ከተሠመረ አዲስ የመጣ ዕቃ አስቀማጭም አይሳሳትም።